የትራፊክ መብራትን የፈጠረው ማን ነው? ሦስት ስም አገኘሁ ላልከው

ለልጅህ የቤት ሥራ የግድ አንድ ስም ካስፈለገ፣ ዛሬ ለምናውቀው መብራት ዊልያም ፖትስ ይበል። የዲትሮይት ፖሊስ ነበር፤ ቢጫን ጨምሮ በአራቱም አቅጣጫ የሚታየውን ባለሦስት ቀለም መብራት በ1920 ሠራ። ጋሬት ሞርጋን የሚለውን ግን አያስገባ።

የሞርጋን የ1923 ፓተንት (የፈጠራ መብት) ቀለም የሚቀያይር መብራት አይደለም። የቲ ቅርጽ ያለው ምሰሶ ነው፤ ሰው እጀታውን እያዞረ ክንዶቹን ያንቀሳቅሳል። ብልሃቱ ያለው አንዱን መንገድ ከመልቀቁ በፊት ሁሉንም አቅጣጫ ለአፍታ ማስቆሙ ላይ ነው፤ መስቀለኛው መሃል የቀረ መኪና እንዲወጣ። ዛሬ ቢጫው የሚሠራውን ሥራ በለው። ግሩም ሐሳብ ነው፣ ግን የመጀመሪያው አይደለም።

የመጀመሪያው በዲሴምበር 1868 ለንደን ፓርላማ አጠገብ የቆመው የጆን ፒክ ናይት ነው። ሰውየው የባቡር ድርጅት ኃላፊ ስለነበር የባቡሩን ምልክት ወደ መንገድ አመጣው፤ ቀን በክንድ፣ ማታ በጋዝ በሚነድ ቀይና አረንጓዴ ፋኖስ። ወር እንኳ በቅጡ ሳይቆይ ጋዙ ፈንድቶ ተረኛውን ፖሊስ አቆሰለው፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። ኤሌክትሪክ የገባው በኋላ ነው፦ ሌስተር ዋየር ሶልት ሌክ ሲቲ በ1912፣ ቀጥሎ ክሊቭላንድ በ1914።

አንድ ጥንቃቄ፦ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የተማሪ ወረቀት ሳርም «1923» ብቻ ተጽፎ አገኛለሁ፤ በእኛ ከተነበበ ሰባት ስምንት ዓመት ይዛባል። ልጁ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን እንዳይዘላት።