ደገዛዬን የት ላሳትመው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት ጤፍ በሚያጠፋው ደገዛ በሚባለው ነፍሳት ላይ ነው። ሁለት መኸር ሙሉ ማሳ ለማሳ እየዞርኩ ስቆጥር ከርሜያለሁ። ሰሞኑን «በ7 ቀን እናትምልዎታለን» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ክፍያው 150 ዶላር ነው። አማካሪዬ ደግሞ ኢምፓክት ፋክተሩ (ጽሑፎቹ በሌሎች የሚጠቀሱበት ልክ) ከፍ ያለ ጆርናል ካልሆነ አይሆንም ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ! ዶላሩን ኪስህ አድርግ፣ ኢሜይሉን አጥፋው።

ተበልቼ ነው የምነግርህ። ደሴ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ «ክቡር ፕሮፌሰር» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ያኔ ገና ረዳት ሌክቸረር ነኝ። ክቡር ሲሉት ማን ይጠላል? ላክሁ። በአራተኛው ቀን «ተቀባይነት አግኝቷል» አሉኝ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ የነካ ገምጋሚ የለም። ሁለተኛው ሥዕል ላይ አንበጣውን ገልብጬ ለጥፌው ኖሯል፤ እግሩን ወደ ሰማይ እንደሰቀለ ታተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ድረ ገጹም ጠፋ። ሌላ ቦታ ልላከው ብል «አንዴ ታትሟል» ተባልኩ። በቃ፣ ያ ሁሉ ቆጠራ ውኃ በላው።

ወደ አንተ ልምጣ። የማጣቀሻ ዝርዝርህን አውጣና ደጋግመህ የጠቀስከው ጆርናል የቱ እንደሆነ ቁጠር። አንባቢዎችህ እዚያ ናቸው። የመጨረሻ እትሞቹን ክፈትና ጽሑፎቹ የደረሱበትንና የጸደቁበትን ቀን እይ። በመሀል ወራት ካሉ ደስ ይበልህ፤ ሰው አንብቧቸዋል።

ሥራህ ይበልጥ የሚጠቅመው እዚሁ ላለ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ከሆነ፣ የኢትዮጵያ ዕፅዋት ጥበቃ ማኅበር የሚያሳትመው ፔስት ማኔጅመንት ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያ አለልህ። ወጣ ማለት ካማረህ ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦፍ ትሮፒካል ኢንሴክት ሳይንስን ሞክር። ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ የጀመረው ነው፣ አሁን የሚያትመው ስፕሪንገር ነው። ጽሑፌ ለሁሉም በነጻ ይከፈት ካላልክ አያስከፍሉህም። የግድ ክፈል የሚሉ ጆርናሎችም ብዙዎቹ ለኢትዮጵያ ደራሲ ይቀንሳሉ ወይም ይተዋሉ። ሳትልክ በፊት ጠይቅ። ለሁለት ቦታ ባንዴ ግን እንዳትልክ።

አማካሪህን አትጣላው። ኢምፓክት ፋክተር የሚቆጥረው ግን ያለፉት ሁለት ዓመታት ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ነው። ደገዛ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ማን ይጥቀስህ? እንደ ፈረንጆቹ በ2020 አዳዲስ የእንስሳት ዝርያዎች በብዛት የሚወጡበት ዙታክሳ የሚባል ጆርናል እንኳ «ራሱን አብዝቶ ይጠቅሳል» ተብሎ ከኢምፓክት ፋክተር ዝርዝሩ ወጥቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሲጮኹ መለሱት። ይህን ንገረው፤ እኔ እንደነገርኩህ ግን አትናገር።

ስትልክ ቁልፍ ቃላቱ ውስጥ ዴክቲኮይዲስ ብሬቪፔኒስ ከሚለው ሳይንሳዊ ስሙ ጎን ደገዛንም ጻፍ። «ወሎ ቡሽ ክሪኬት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስሙን ስትጽፍ ደግሞ ወሎን በአንድ ኤልም በሁለት ኤልም አስገባው። ሁለቱንም የሚጽፉ አሉ፣ ፈላጊ እንዳያጣህ።