ድርጅት ከማን ይማራል? ጠይቁኝ

ፒያሳ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። መርካቶ ለአሥራ ሁለት ዓመት ጫማ አሠርቻለሁ። አሁን ትንንሽ ድርጅቶችን አማክራለሁ። የመጣላችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ ነገር ለመሥራት ዋናው ብር ነው ወይስ ሰው?

መልስ፦ ብር ይረዳል፣ አልዋሽም። ግን እኛን የለወጠን ማስቲሽ የሚያመጣልን ልጅ ነው። ሶል እየተላቀቀ ደንበኛ ሲመልስብን ቆዳውን እንረግም ነበር። ልጁ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ አየንና «ኧረ ቸኩላችሁ ነው የምትለጥፉት!» አለ። ማስቲሹ ሶሉም ቆዳውም ላይ ይቀባል፤ በጣት ሲነካ እጅ ላይ የማይቀር እስኪሆን ይጠበቃል፤ ከዚያ ነው የሚጫነው። ዓመት ሙሉ በዋጋ ብቻ ስንነታረከው የኖርነው ሰው ነው እንግዲህ።

ጥያቄ፦ አቅራቢ የሌለው የለም። ታዲያ ለምን ሁሉም አይለወጥም?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ልጁ ያንኑ ለጎረቤታችንም ነግሮታል። ሰምቶ ዝም አለ። እኛ ግን የተመለሰውን ጫማ ሁሉ የምንጽፍበት ደብተር ጠረጴዛው ላይ በሲባጎ አስረን ነበር። ገልጠን ስናይ አብዛኞቹ በበዓል ሰሞን በጥድፊያ የተሠሩ ናቸው። ወዲያው ገባን። ኮኸንና ሌቪንታል የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 የጻፉትም ይህንኑ ነው፤ የውጭውን እውቀት ለመያዝ ቀድሞ ያጠራቀምከው ይወስነዋል።

ጥያቄ፦ ሠራተኛዬን አስተምሬው ጥሎኝ ቢሄድስ?

መልስ፦ ይሄዳል እህቴ። እኔንም ዋናው ቆራጬ ከነሙያው ጥሎኝ ሄዷል። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ አጠገቡ ሌላ ልጅ አላስቀመጥኩም። ደብተር ብቻውን አይበቃም፤ እጅ እንጂ አፍ የማይናገረው ሙያ አለ።

ጥያቄ፦ ከትልቅ የውጭ ኩባንያ ጋር መሥራት ጥገኛ አያደርግም?

መልስ፦ እንደ ውሉ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲ ደብሊው ኤ ጋር ተዋውሎ ነው። አብራሪውም ሥራ አስኪያጁም ፈረንጅ ነበር። የኛ ሰዎች እየሠለጠኑ ተረከቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ። ውል ስትፈርም «ማን ማንን፣ እስከ መቼ ያሠለጥናል?» የሚለውን አስገባ፤ ሌላው ለጠበቃ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ካይዘንስ፣ ሥራን በየጊዜው በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓኖቹ ዘዴ?

መልስ፦ የሠራበት ቤት አይቻለሁ። የካይዘን ሰሌዳው ተሰቅሎ አቧራ የጠጣበትም አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ለተወዳዳሪ ጎረቤት ሙያ ማሳየት ጅልነት አይደለም?

መልስ፦ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ወርደህ እይ። በርሜል ቀጥቅጦ ምድጃ የሚሠራው ሰው መዶሻ የሚዋሰው ከተወዳዳሪው ነው። አንዱ አዲስ ቅርጽ ካወጣ ሌላው አይቶ ይሠራዋል፤ እሱም በተራው አንድ ነገር ይጨምርበታል። የደንበኛህን ስልክ ግን ለማንም እንዳትሰጥ።