ለቤት ራውተር የትኛው ዲዲኤንኤስ ይሻላል ላልከው ልጅ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼው ነበር፣ ግን መብራት አልነበረም ስልኬም 6 ፐርሰንት ላይ ስለነበር ለዛሬ አሳደርኩት። ያልከው ባጭሩ ይሄ ነው፣ ቤትህ ጅማ ቆጪ ሥራህ አዲስ አበባ፣ እናትህ ብቻቸውን ስለሆኑ ግቢው ላይ አራት ካሜራ አስገጥመሃል፣ ራውተሩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር አይፒው (የኢንተርኔት አድራሻው) እየተቀየረ ካሜራው ይጠፋብሃል፣ እና ከነፃዎቹ ዲዲኤንኤስ (የሚቀያየረውን አይፒ እየተከተለ ለቤትህ አንድ ቋሚ ስም የሚሰጥ አገልግሎት) ውስጥ የማይከዳው የትኛው ነው? ከኔ በፊት የመለሱት ልጆች እንትናን ተጠቀም እንትናን ተጠቀም ብለውሃል፣ አልተሳሳቱም፣ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ካላየህ የትኛውንም ብትመርጥ ከንቱ ነው። እኔ ይሄን ያወቅኩት ሁለት ቀን ሙሉ ተቃጥዬ ነው።

መርካቶ ጋ (የኛው የጅማው) አንድ የቡና መጋዘን ካሜራ ገጥሜ ባለቤቱ ጋሼ አዲስ አበባ ሲሄዱ በስልካቸው ማየት ፈለጉ። ቀላል ነው አልኳቸው። ዲዲኤንኤስ ከፈትኩ፣ ፖርት ፎርዋርድ አደረግኩ (ከውጭ የሚመጣውን ራውተሩ ወደ ካሜራው እንዲመራ ማለት ነው)፣ አፑን ስከፍት ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከራለች ትሽከረከራለች ከዛ አልተገናኘም ትላለች። ሌላ አገልግሎት ቀየርኩ፣ ያው። ሦስተኛ ቀየርኩ፣ ያው። ልጅቷ ቡና አፍልታ፣ አቦል ላይ የጀመርኩትን በረካ አልፎም አልጨረስኩትም፣ ጋሼ ደግሞ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ዝም ብለው ያዩኛል፣ ዝምታው ነው የሚገለው። በነጋታው ምን ትዝ እንዳለኝ እንጃ የራውተሩን ስታተስ ገጽ ከፍቼ ዋን አይፒ (ራውተሩ ከአቅራቢው የተሰጠው አድራሻ) የሚለውን ሳይ 100.72 ብሎ ይጀምራል። በዛው ዋይፋይ ስልኬ ላይ «አይፒዬ ስንት ነው» ብዬ ጎግል ሳደርግ ደግሞ በ196 የሚጀምር ሌላ ቁጥር። ሁለቱ አይገናኙም። ስሙ እኮ ቢሠራም የሚያመለክተው የኛን ቤት አልነበረም።

ይሄ ነገር ሲጂናት ይባላል። ኢንተርኔት አቅራቢው ፐብሊክ አይፒ (ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ) ስለሚያጥረው አንዱን አይፒ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላል፣ ላንተ የሚሰጥህ የውስጥ ቁጥር ነው፣ ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ክልል በፈረንጅ 2012 ለዚህ ብቻ ተብሎ የተመደበ ነው። አንተ ራውተርህ ላይ ፖርት ብትከፍት የከፈትከው የራስህን ክፍል በር ነው፣ የግቢው በር ቁልፍ አቅራቢው ጋ ነው ያለው። ስለዚ ዛሬ ማታ ከምንም በፊት ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይ። እኩል ከሆኑ ደስ ይበልህ፣ ቀጥለህ አንብብ። ዋኑ በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ ብዙ ጊዜ ራውተርህ ከአቅራቢው ሳጥን ኋላ ተሰክቶ ነው፣ ያ ይስተካከላል፣ ሳጥኑን ብሪጅ ታስደርጋለህ (ራውተርነቱን ትቶ ዝም ብሎ እንዲያሳልፍ) ወይም ሳጥኑ ላይም ፖርቱን ወደ ራውተርህ ትመራዋለህ (10 ግን አንዳንዴ ያው ሲጂናት ነው፣ ሳጥኑ ውስጥም ገብተህ እየው)። 100 ከሆነ ግን ወይ ፐብሊክ አይፒ መጠየቅ ነው፣ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ያስከፍላል፣ ወይ ዲዲኤንኤሱን እርሳውና ቤት ውስጥ ሁሌ የሚበራ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ቴልስኬል (ፖርት ሳትከፍት ስልክህን ከቤትህ ጋ የሚያገናኝ ፕሮግራም) መጫን ነው። እሱ ራሱ በ100 የሚጀምር አይፒ ነው የሚሰጥህ፣ ስታየው እንዳትደነግጥ። የጋሼን መጋዘን በመጨረሻ በካሜራው የራሱ ፒቱፒ (ካሜራው በአምራቹ ሰርቨር በኩል ስልኩን የሚያገኝበት) አገናኘሁት፣ የኪውአር ኮዷን ስካን አድርጌ በአምስት ደቂቃ። ሁለት ቀን!

እሺ፣ ፐብሊክ አይፒ አለህ እንበል። አሁን ወደ ምርጫው።

መጀመሪያ ራውተርህ የራሱ አገልግሎት ካለው እሱን ሞክር። ማይክሮቲክ ከሆነ አይፒ ክላውድ የሚለውን ኢነብል ማለት ብቻ ነው፣ በሲሪያል ቁጥሩ ስም ይሰጥሃል፣ ስሙ ረጅምና አስቀያሚ ነው ግን አንዴ አፑ ላይ ካስገባኸው ማን ያየዋል። ቲፒሊንክም ብዙዎቹ አርቸር ራውተሮቹ ላይ የራሱ አለው፣ አካውንት ከፍተህ ታያይዘዋለህ። የነዚህ ጥቅም አይፒው ሲቀየር የሚያሳውቀው ራሱ ራውተሩ ነው፣ ቤት ያለ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ጭነህ እሱ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነገር የለም። ለኔ አስተማማኝነት ማለት ግማሹ ይሄ ነው፣ ከድርጅቱ ስም በላይ ማን ነው አፕዴት የሚያደርገው የሚለው።

ራውተርህ የራሱ ከሌለው ዳክዲኤንኤስ ጥሩ ነው፣ ነፃ ነው፣ አምስት ስም ይሰጥሃል፣ ፓስዎርድ የለውም በቶከን ነው የሚሠራው፣ ስለዚ ቶከኗን ስክሪንሾት አድርገህ ለማንም እንዳትልክ። ኖአይፒ ደግሞ ብዙ ራውተር ላይ ሜኑው ውስጥ አለ፣ ነፃው ግን በየ30 ቀኑ ኢሜይል ይልክልሃል፣ ካላረጋገጥክ ስሙ ይዘጋል። ኢሜይል የምታይ ሰው ከሆንክ ችግር የለውም። እኔ አላይም።

ድሮ የነበሩ ሰዎች ዳይን የሚባለውን ዲዲኤንኤስ ታስታውሳላችሁ፣ አሮጌ ራውተር ላይ ሜኑው ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነበር፣ በፈረንጅ 2014 ነፃውን ዘጋው በቃ። በዛው ዓመት ጁን መጨረሻ ላይ ማይክሮሶፍት ቫይረስ ያሰራጩበታል ብሎ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ የኖአይፒን 22 ዶሜይን (የደንበኞቹ ስም ሁሉ ስሩ የሚቀመጥበትን ዋና ስም) ወሰደ፣ በቀናት ውስጥ ተመለሰ ግን ምንም ያላደረገ ስንት ሰው ካሜራው ጠፋበት። የሰው ዶሜይን ስር ስትቀመጥ ጎረቤትህ ያጠፋው ላንተም ይተርፋል። ለዚህ ነው ነገሩ የምር ከሆነብህ የራስህን ዶሜይን ግዛ የምልህ፣ በዓመት የሚከፈለው ብዙ አይደለም፣ ጣጣው በዶላር መክፈሉ ነው፣ ለኔ ውጭ ያለች እህቴ ነች የምትከፍልልኝ። ከዛ ዲኤንኤሱን (ስሙን ከአይፒው የሚያያይዘውን መዝገብ) ክላውድፍሌር የሚባል አገልግሎት ላይ በነፃ ታስቀምጠውና ራውተሩ ወይም አንዲት ትንሽ ስክሪፕት አይፒውን እየቀየረች ትጽፋለች። እዛ ላይ ብርቱካናማዋን ደመና (ሁሉን በክላውድፍሌር በኩል የምታሳልፈዋን ምልክት) አጥፋት፣ ግራጫ ትሁን፣ ብርቱካናማ ከሆነች የዌብ ፖርቶች ብቻ ናቸው የሚያልፉት ካሜራህ አያልፍም፣ በዚህ ስንት ሰው ሲደውልልኝ።

አፕዴቱን በየ5 ደቂቃው አድርገው፣ ከዛ አታፍጥነው። አይፒው ሳይቀየር ዝም ብለህ ከላክህባቸው አቢዩዝ ብለው የሚዘጉ አሉ። ሎጉ ላይ «ጉድ» የሚል ካየህ ተሳክቷል ማለት ነው፣ የኛው ጉድ እንዳይመስልህ። «ኖቻንጅ» ካለም ሰላም ነው፣ «ባድኦዝ» ካለ ዩዘርህን ወይም ፓስዎርድህን ተሳስተሃል።

አንድ ነገር ግን በወንድምነት፣ የዲቪአሩን (የካሜራ መቅጃ ሳጥኑን) ፖርት እንዳለ ለዓለም አትክፈተው። ያው ዳይን ራሱ በኦክቶበር 2016 በሚራይ (ካሜራና ራውተር በሚጠልፍ ቫይረስ) ሲመታ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ሳይቀሩ ብዙ ሰው ጋ አልከፍት ያሉት ከፋብሪካ በመጣ ፓስዎርድ የተተዉ ካሜራና ዲቪአሮች ተጠልፈው ነው። እዚህ ከተማ ስንት ግቢ ገብቼ አድሚን 12345 ብዬ ከፍቻለሁ መሰለህ፣ ባለቤቶቹ ሲያዩኝ ይስቃሉ። የሚሻለው ራውተርህ ከቻለ ዋየርጋርድ (ከውጭ ሆነህ ወደ ቤትህ ኔትወርክ የሚያስገባህ ቪፒኤን) አድርገህ አንዷን ፖርት ብቻ ክፈት፣ ስልክህ ላይ ቪፒኤኑን ስታበራ ቤት እንዳለህ ሆነህ ካሜራውን ታያለህ። ዋየርጋርድ ስሙን የሚጠይቀው ሲበራ አንዴ ነው፣ ስለዚ አይፒው መሀል ላይ ከተቀየረ አጥፍተህ አብራው፣ ተበላሸ ብለህ ሌላ ዲዲኤንኤስ ፍለጋ እንዳትገባ።

እና ስትሞክረው በቤቱ ዋይፋይ አትሞክር፣ ብዙ ራውተር ከውስጥ ወደ ራሱ ፐብሊክ አይፒ መመለስ አይችልም፣ እየሠራ አይሠራም ይልሃል። ዋይፋዩን አጥፍተህ በዳታ ሞክር። አንተማ አዲስ አበባ ስለሆንክ ጭራሽ ይቀልሃል፣ እናትህ ጋ ደውልና የራውተሩን ሶኬት ነቅለው መልሰው እንዲሰኩት ጠይቃቸው፣ ከዛ 10 ደቂቃ ጠብቀህ አፑን ክፈት። ካልከፈተ የዋን አይፒውን የመጀመሪያ ሁለት ቁጥር ብቻ እዚህ ጻፍልኝ፣ ሙሉውን አትለጥፍ፣ የራውተሩንም ሞዴል ጨምር፣ ከጀርባው ስቲከር ላይ አለ።