ስለ ጎይ ፒስ የድርሰት ውድድር ለጠየቅከው፦ ለደላላ ብር አትክፈል

ወንድሜ፣ «እህቴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ጃፓን ያለው የጎይ ፒስ ፋውንዴሽን በሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ የወጣቶች ድርሰት ውድድር ላይ ድርሰቷን አስተካክሎ የሚልክላት ሰው ብር ጠየቃት፣ እንክፈል ወይ?» ብለሃል። አትክፈሉ። ውድድሩ በነፃ ነው፣ ማስገቢያውም ድረ ገጻቸው ላይ አለ። እነዚህ «አስተካካዮች» የልጆቹን ድምፅ አጥፍተው ከኢንተርኔት የለቀሙትን ዓረፍተ ነገር እየሞሉበት ነው ብር የሚቀበሉት።

1. ዕድሜ። እስከ 14 ዓመት አንድ ምድብ፣ ከ15 እስከ 25 ሌላ ምድብ ነው፤ የሚታየው በመዝጊያው ቀን ያላት ዕድሜ ነው። የእኛ ልጆች ሳይነበቡ የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው። ኅዳር 20 ቀን 1997 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ቅጹ ላይ እንዳለ 1997 ብሎ ይሞላል። እዚያ ያለው ሰው በፈረንጅ ቆጥሮ ከ25 በላይ ያደርገዋል፤ አበቃ። ትክክለኛው ኖቬምበር 29 ቀን 2004 ነበር። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ይደመራል፤ ወሩና ቀኑም አብሮ ይቀየራል። ፓስፖርት ካላት ልደቷንም ስሟንም ከዚያው ትገልብጥ። ስሟን አንዴ በአባት፣ አንዴ በአያት መጻፍ በኋላ መዘዝ አለው።

2. ርዝመት። በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በስፔንኛ ወይም በጀርመንኛ እስከ 700 ቃል። አማርኛ አይቀበሉም። በአማርኛ የምታረቅ ከሆነ 450 ቃል አካባቢ ላይ ታቁም፤ እንግሊዝኛ ሲሆን ይረዝማል፣ በመጨረሻው ሰዓት ሲቆረጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣው ጥሩው ምሳሌ ነው።

3. መዝጊያው ጁን 15፣ ማለትም ሰኔ 8 ሆኖ ቆይቷል፤ የዘንድሮውን መመሪያ አይታችሁ አረጋግጡ። ጃፓን በ6 ሰዓት ስለምትቀድመን እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ ገና ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። «እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ጊዜ አለኝ» ያለ ሰው ዘግይቷል። ኔትወርኩም መብራቱም ባለበት ሁኔታ ሰኔ 5 ላይ ብትልክ ይሻላል።

ሌላው ቁጥር አያስፈልገውም። ድርሰቱ የአንድ ሰው ሥራ መሆን አለበት፤ ከጓደኛ ጋር ተጋግዞ መጻፍ አይቻልም። ከዚህ በፊት የትም ያልወጣ መሆን አለበት፤ ስለዚህ «አስተያየት ስጡኝ» ብላ ቴሌግራም ላይ እንዳትለጥፈው። የቅጂ መብቱም ለአዘጋጆቹ ይሄዳል።

ወደ ይዘቱ ስንመጣ፣ አንባቢን የሚያሰለቸው «ዓለማችን በአሁኑ ወቅት በበርካታ ችግሮች ተከባለች» ተብሎ የሚጀመረው ነው። ከ700ው ላይ 100 ቃል በዚህ ይባክናል። ጭብጡ በየዓመቱ ይለያያል፤ ግን ስለ ሰላምም ይሁን ስለ ወደፊቱ፣ አንድ ቦታና አንድ ችግር ትምረጥ። ለምሳሌ የሰፈሯ ቦኖ፦ ስንት ሰዓት ይከፈታል፣ ቁልፉ ማን እጅ ነው፣ ጄሪካኑን ተሰልፈው የሚጠብቁት ለምን ሴት ልጆች ብቻ ሆኑ፣ ትምህርት ቤት የሚደርሱት ስንተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ለዚህ 200 ቃል፣ ለምክንያቱ 150፣ ቀሪውን እሷ ራሷ ለምትሠራው ነገር ትተው። «መንግሥት ሊያስብበት ይገባል» የሚለውን እኛ ስለለመድነው ነው እንጂ እዚያ መልስ አይባልም።

ሽልማቱ በየምድቡ ለአንደኛ 100,000 የን ነው፤ ቶኪዮ የሚጋበዘውም አንደኛ የወጣው ነው። ውድድሩ በነፃ ስለሆነ «ተመርጠሻል፣ የመመዝገቢያ ክፈይ» የሚል ኢሜይል ከመጣ ማጭበርበር ነው፣ አጥፉት።

የኮመንዌልዝን (በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የሆኑ አገሮች ማኅበር) የድርሰት ውድድር የሚጠቁምም ሰው አለ። ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች ከአዲስ አበባ ሆናችሁ አትችሉም። ናይሮቢ ወይም ኪጋሊ የሚኖር፣ ዕድሜው ከ18 ያላለፈ ዘመድ ካላችሁ ግን ነዋሪ በመሆኑ መወዳደር ይችላል፤ ንገሩት።