ቀዩ እስክሪብቶ የሚመጣበት ሰዓት

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ድርሰት የሚጠይቁ ናቸው። ከመምህራን፣ ከወላጆችና ከተማሪዎችም መጥተዋል። አምስቱን መርጫለሁ። ለመጀመሪያው ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቻለሁ፤ የቀሩት መልሶች በአብዛኛው ከእሱ የሚመዘዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል የአማርኛ መምህር ነኝ። በክፍሌ 58 ተማሪዎች አሉ። በወር ሁለት ድርሰት አጽፋቸውና ሁሉንም ቃል በቃል አርማለሁ። ቅዳሜና እሁዴ በዚሁ ያልቃል። ደብተራቸውን ስመልስላቸው ግን ውጤታቸውን ብቻ አይተው ይዘጉታል፤ በሚቀጥለው ድርሰት ያው ስሕተት ተመልሶ ይመጣል። አንድ ባልደረባዬ «ድርሰትን እንደ ሂደት አስተምር፤ ያቅዱ፣ ያርቅቁ፣ ይከልሱ» ይለኛል። ለ58 ተማሪ ይህ እንዴት ይሆናል? አምስት ጊዜ እያስጻፍኩ አምስት ጊዜ ልረም?

መልስ፦ መምህር፣ አምስት ጊዜ አይረሙም። ነገሩ መልክ ከያዘልዎ የሚያርሙት ከአሁኑም ያነሰ ይሆናል።

ቀይ እስክሪብቶን አልጠላም። የምጣላው ከሚመጣበት ሰዓት ጋር ነው። ተማሪው ደብተሩን ካስረከበ ድርሰቱ ለእሱ አልቋል። እርስዎ እሁድ ማታ የጻፉት አስተያየት ሰኞ ሲደርሰው ከእንግዲህ የማይነካውን ጽሑፍ ይዞ ነው የሚደርሰው። ልጁ ውጤቱን አይቶ ደብተሩን ቢዘጋ ምን ይፈረድበታል? ሌላ የሚሠራው ሥራ አልተሰጠውም።

አንድ ተማሪ «ዝናብ» በሚል ርዕስ ይህን ጻፈ እንበል፦

«ዝናብ ጥሩ ነገር ነው። ዝናብ ለሰው ልጅ በጣም ይጠቅማል። ዝናብ ከሌለ ሕይወት የለም። አንድ ቀን ከእህቴ ጋር ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዝናብ መታንና የእህቴን አንድ እግር ጫማ ጎርፍ ወሰደው። ስለዚህ ዝናብ ብዙ ጥቅም አለው።»

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ የምናደርገው የታወቀ ነው። «ዝናብ» ተደጋገመ ብለን እናሰምራለን፤ «ስለዚህ» ያለ ቦታው ገባ እንላለን፤ ከ10 ስድስት ሰጥተን ወደሚቀጥለው ደብተር እናልፋለን። ያልነው ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከአምስቱ ዓረፍተ ነገሮች ልጁ ብቻ ሊጽፈው የሚችለው አንዱን ነው፤ እሱንም በጎርፍ የሄደው ጫማ ይዞታል። የቀሩት አራቱ ከማንም ደብተር ሊገኙ ይችላሉ። ልጁ ይህን ልዩነት አላየውም፤ እኛም አላሳየነውም።

በኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጽፎለት ቢሆንስ? «ጫማው ከተወሰደ በኋላ ቤት እስክትደርሱ ምን ሆነ?» ደብተሩም የተመለሰለት ውጤት ሳይሰጠው፣ እንደገና እንዲጽፍ ቢሆን? ሁለተኛው ረቂቅ ከጎርፉ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ማንም ሳይሰርዛቸው ይወድቃሉ። የ«ዝናብ» ድግግሞሽም አብሮ ይጠፋል። እሁድ ማታ ያሰመሩባቸው መስመሮች የት ደረሱ? በሚጣል ዓረፍተ ነገር ላይ የፈሰሰ ቀለም ነበሩ።

ባልደረባዎ ያሉት ነገር ፍሬው ይኸው ነው፤ ጽሑፉ ገና ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ መግባት። ለ58 ተማሪ እንዲህ ሊሠራ ይችላል። አንዱን ድርሰት ለአራት ክፍለ ጊዜ ያከፋፍሉት፤ በወር ሁለት የነበረው አንድ ይሁን። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከመጻፍ በፊት ያስወሯቸው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለ ርዕሱ የሚያውቁትን፣ ያዩትን፣ የሰሙትን ይነጋገሩና ቃላትንና ሐረጎችን ብቻ ይዘርዝሩ። በሁለተኛው ረቂቅ ይጻፉ፤ አንድ መስመር እየዘለሉ፣ በእስክሪብቶ፣ ያለ ላጲስ። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ይሰርዙት እንጂ አያጥፉት። የተሰረዘ ቃል የሚያሳፍር ሳይሆን ልጁ እንዳሰበ የሚያሳይ ምልክት መሆኑን ደጋግመው ይንገሯቸው፤ ለንጹሕ ደብተር ሲመሰገን የኖረ ልጅ በአንድ ቀን አያምንዎትም።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል። ጸሐፊው ረቂቁን ድምፁን ከፍ አድርጎ ለጓደኛው ያንብብ። አድማጩ ደብተሩን አያይም። ሁለት ነገር ብቻ ይናገራል፤ የትኛው ቦታ በዓይነ ኅሊናው እንደታየውና የቱ ጋ ተጨማሪ ማወቅ እንደፈለገ። ፊደል ማረም ክልክል ነው። ይህን ክልከላ ካላጠበቁት ልጆቹ ወዲያው የእርስዎን ቀይ እስክሪብቶ ይኮርጃሉ፤ «እዚህ ጋ አራት ነጥብ የለም» ይባባላሉ፤ ውይይቱ እዚያው ይሞታል። ከዚያ እንደገና ይጻፋል።

ፊደል፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ የባለቤትና የግስ ስምምነት በአራተኛው ይመጣሉ። ያን ጊዜም ሁሉንም አይንኩ። ለዚህ ወር ሁለት ነገር ይምረጡና ክፍሉ በሙሉ በነዚያ ሁለቱ ብቻ የራሱን ጽሑፍ ይፈትሽ። እርስዎ የሚያርሙትም እነዚያኑ ነው። በየዙሩ የክፍሉን ሲሶ ደብተር በጥልቀት ያንብቡ፤ ለቀሩት ተራቸው በሚቀጥሉት ድርሰቶች ይደርሳል።

ውጤት መስጠትዎ አይቀርም። ረቂቁና የመጨረሻው ቅጂ አብረው ይረከቡ፤ ከ10ሩ አራቱን በሁለቱ መካከል ለታየው ለውጥ ይስጡ። ቃላት የተለዋወጡበት ድርሰት ከአራቱ አንድ ያገኛል። አንቀጽ የተጣለበት፣ አዲስ ነገር የተጨመረበት፣ መጀመሪያው ወደ መሐል የሄደበት አራቱንም ይወስዳል።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ናንሲ ሶመርስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመችው ጥናት 20 የኮሌጅ ጀማሪ ተማሪዎችንና 20 ልምድ ያላቸውን ጸሐፊዎች እያጻፈችና እያስከለሰች አነጻጽራለች። ተማሪዎቹ መከለስ ሲባሉ በአብዛኛው ቃል በቃል ለወጡ። ልምድ ያላቸው ግን የሐሳባቸውን ቅርጽና የአንባቢያቸውን ጥያቄ ያሳድዱ ነበር። ተማሪዎቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ መከለስ ማለት ያ መሆኑን ነው የተማሩት። ከማን ተማሩት? ከኛ፣ ቃል ላይ ብቻ ከምናሰምረው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ስቲቭ ግራሃምና ዶሎሬስ ፔሪን ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ሙከራዎችን በአንድነት ሲመረምሩ ከፍተኛ ውጤት ካሳዩት መካከል ማቀድን፣ መከለስንና ማረምን በግልጽ እያሳዩ ማስተማር ይገኝበታል። ተማሪዎች ተጋግዘው መጻፋቸውም ከፊተኞቹ ተርታ ነው። ሰዋስውን ከጽሑፍ ነጥሎ ማስተማር ግን የልጆቹን የጽሑፍ ጥራት አላሻሻለም።

«በግልጽ እያሳዩ» ያልኩትን ይያዙልኝ። አሥር ደቂቃ ሰሌዳው ፊት ቆመው እርስዎ ራስዎ ይጻፉ፤ ቤት ያዘጋጁትን ሳይሆን እዚያው የሚያስቡትን። ጀምረው ይሰርዙ፤ «ይህ ዓረፍተ ነገር ምንም አላለም» ብለው ጮክ ብለው ይናገሩ፤ ሁለተኛውን ወደ ላይ ያውጡት። ብዙ ተማሪዎች ትልቅ ሰው ሲጽፍ አይተው አያውቁም፤ ያዩት ያለቀ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ እንዲሁ የወረደ ይመስላቸዋል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ሰኞ ማቀድ፣ ማክሰኞ ማርቀቅ፣ ረቡዕ መከለስ እየተባለ ደረጃው የቀን መቁጠሪያ ሲሆን አይቻለሁ፤ ልጆቹ የሚከልሱት ነገር ባይኖራቸውም ረቡዕ ስለሆነ ይከልሳሉ። ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳዩት የዚህን ተቃራኒ ነው። ሰው እየጻፈ ያቅዳል፣ እየከለሰ አዲስ ሐሳብ ያገኛል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ዓላማውን ይቀይራል። አራቱ ክፍለ ጊዜዎች ለ58 ልጅ ሥርዓት ለማስያዝ የመጡ ናቸው፤ በሦስተኛው ቀን ርዕሱን ልቀይር ያለ ልጅ ካለ ይቀይር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን ከድርሰቱ ጋር ቢጋር፣ ማለትም የሐሳቦቹን ቅደም ተከተል የሚያሳይ ዝርዝር፣ አያይዙ ይሉናል። እኔ ግን ቢጋር ይዤ ስጀምር እጄ ይታሰራል። ስለዚህ መጀመሪያ ድርሰቱን እጽፍና በመጨረሻ ቢጋሩን ከድርሰቱ ላይ እቀዳለሁ። ይህ ማታለል ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ብዙ ጓደኛ አለሽ። ጃኔት ኢሚግ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣችው ጥናት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ጮክ ብለው እያሰቡ እንዲጽፉ አድርጋ ተከታትላለች። የመማሪያ መጻሕፍት የሚያዙት ሥርዓትና ልጆቹ በእውነት የሚያደርጉት ነገር የተራራቀ ሆኖ ነው ያገኘችው። ቢጋር መሥራትና አለመሥራትም ድርሰቱ ባገኘው ውጤት ላይ ያመጣው ልዩነት አልታየም።

ለመምህርሽ እውነቱን ንገሪያቸው፤ የሚከፉ አይመስለኝም። የምነግርሽ ግን ሥራሽን በግማሽ መንገድ ላይ እንዳቆምሽው ነው። ከድርሰቱ ላይ የምትቀጂው ቢጋር ለማያያዣነት ብቻ መዋል የለበትም። ረቂቁን ስትጨርሺ እያንዳንዱን አንቀጽ በአንድ መስመር ጻፊ፤ ስለ ምን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደሚል። ሁለት አንቀጾች አንድ ዓይነት መስመር ከወጣላቸው አንዱ ትርፍ ነው። አንድ መስመር ልታወጪለት ያቃተሽ አንቀጽ ካለ ውስጡ ሁለት ሐሳብ ተጣብቋል፣ ወይም ምንም የለም። መስመሮቹን ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብቢና ቅደም ተከተሉ ካልጣመሽ ቀይሪው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ረቂቅ ጻፊ።

ፈተና ላይ ግን ይህ ጊዜ የለሽም። 45 ደቂቃ ከተሰጠሽ ሰባቱን ለማሰብና አራት አምስት ቃል ለማስቀመጥ፣ ስምንቱን መልሶ ለማንበብ ያዢ። እጅሽን የሚያስር ሙሉ ቢጋር አያስፈልግሽም፤ የመጨረሻውን አንቀጽ ምን እንደምትዪበት ማወቅ ይበቃሻል።

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጄ ተረት ሲያወራ ቤቱን ያስቃል። «በል እንግዲህ ጻፈው» ስለው ግማሽ ሰዓት ወረቀቱን ያያል፤ ሁለት መስመር ጽፎ ይነሣል። መጻፍ ይጠላል ማለት ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም፣ እህቴ። በዚህ ዕድሜ ፊደሉን መቅረጽና ቃሉን ማስታወስ ራሱ ሙሉ ሥራ ነው፤ እጁ ሁለት ቃል እስኪጽፍ ሐሳቡ ያመልጠዋል። ሥራውን ይከፋፈሉት። እሱ ያውራ፣ እርስዎ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ዓረፍተ ነገሮች በራሱ አነጋገር ይጻፉ፤ ሳያሳምሩ። አንብበው ያሰሙትና «ከዚያስ?» ብለው እርሳሱን ይስጡት። የሚቀጥለውን አንድ ዓረፍተ ነገር እሱ ይጻፍ፤ ሲለምድ ሁለት፣ ሦስት ይሆናል። ፊደል ቢያሳስት ዝም ይበሉ፤ ማንበብ እስከተቻለ ድረስ የዚያን ቀን ሥራ አይደለም። ለክፍል የሚቀርብ የቤት ሥራ ሲሆን ግን እርስዎ የጻፉት ክፍል የትኛው እንደሆነ መምህሩ ይወቅ።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጽፈው ያመጣሉ። የሚያጋልጥ ፕሮግራም ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ አልጠቁምም። እነዚያ ፕሮግራሞች በራሱ እጅ የጻፈን ልጅም በሐሰት ይከሳሉ። ረቂቁ ክፍል ውስጥ፣ ፊትዎ ከተጻፈ ጥያቄው ይቀላል። ከቤት የመጣው ቅጂ ከረቂቁ ጋር ፈጽሞ የማይተዋወቅ ከሆነ ልጁን ለብቻው ጠርተው «ይህን አንቀጽ ለምን ከፊት አመጣኸው?» ይበሉት። የጻፈ ልጅ ቢያንስ የሚለው አያጣም። ረቂቅ የማይጠይቅ መምህር ግን የሚያነጻጽርበት ነገር ስለሌለው በጥርጣሬ ይኖራል።

ጥያቄ፦ ሞክሼ ፊደላትን፣ «ሀ»ን፣ «ሐ»ን፣ «ኀ»ን፣ «ሰ»ንና «ሠ»ን ሲያቀላቅሉ ነጥብ ልቀንስ?

መልስ፦ በረቂቅ ላይ በፍጹም። በመጨረሻው ቅጂ ላይ ደግሞ በአንድ ገጽ ውስጥ አንዱን ቃል ሁለት ዓይነት አድርጎ ለጻፈ ብቻ፤ ያውም አስቀድመው ካስታወቁ።