ፒንጉ ሄደ፤ በየት በኩል ይመለሳል? የራውቲንግ ጥያቄና መልስ

የኔትወርክ ኮርስ ላይ ያላችሁ ሁሉ ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን አድራሻውን፣ ማስኩን (ከአድራሻው ስንት ቢት የኔትወርኩ እንደሆነ የሚነግረውን) እና የራውቲንግ ቴብሉን (ራውተሩ ፓኬቱን በየት በኩል እንደሚልክ የሚያይበትን) አብራችሁ ጻፉ። «አይሠራም» ብቻ ካላችሁኝ የምይዘው ነገር የለኝም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ 192.168.10.0/26 ስንት ኮምፒውተር ይይዛል? ሰንጠረዡን ሸምድጄው ፈተና ላይ ጠፋኝ።

መልስ፦ ሰንጠረዡን ተወው። ከ32 ቢት 26ቱ የኔትወርኩ ነው፤ ላንተ 6 ቢት ይቀርሃል። ሁለትን ስድስት ጊዜ ብታባዛ 64 ነው። የመጀመሪያው የኔትወርኩ አድራሻ፣ የመጨረሻው ብሮድካስት (ለሁሉም በአንዴ መላኪያ)፤ 62 ቀረ። ቀጣዮቹ ኔትወርኮች በ64፣ በ128 እና በ192 ይጀምራሉ። ወረቀት ላይ አሥር ጊዜ ሥራው።

አንድ አባል፦ መምህር፣ ሁለቱን መቀነስ ግን ሁልጊዜ አይደለም። /31 ላይ ሁለቱም አድራሻ ይሠራል።

መልስ፦ ልክ ነህ። ሁለት ራውተር ብቻ በሚያገናኝ መስመር ላይ ብሮድካስት ስለማያስፈልግ በ2000 የወጣው አርኤፍሲ 3021 የተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ፈቅዶታል። ጀማሪዎች ግን መጀመሪያ /26ን ጨርሱ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሁለት ራውተር በ10.0.0.0/30 አገናኘሁ። በአንደኛው ራውተር በኩል 192.168.1.0/24፣ በሁለተኛው በኩል 192.168.2.0/24 አለ። አንደኛው ላይ «ወደ 192.168.2.0/24 በ10.0.0.2 በኩል» ብዬ ስታቲክ ራውት (በእጅ የሚጻፍ መንገድ) ሰጠሁ። ከ192.168.1.10 ወደ 192.168.2.10 ፒንግ (መልስ የሚጠይቅ የሙከራ ፓኬት) ሳደርግ ምንም አይመለስም። የሚገርመው ግን ከራውተሩ ራሱ ሳደርግ ይሠራል!

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው፤ ተባረኪ። ፓኬትሽ ሄዷል፣ ደርሷልም። የጠፋው መልሱ ነው። 192.168.2.10 መልሱን ለጌትዌዩ፣ ማለትም ለሁለተኛው ራውተር ይሰጣል። ያ ራውተር ቴብሉን ሲያይ 192.168.1.0/24 የሚባል ነገር የለውም፤ ፓኬቱን ይጥለዋል። አንደኛው ራውተር ላይ የጻፍሽውን ሁለተኛው ሊያውቀው አይችልም፤ እያንዳንዱ ራውተር የሚወስነው የራሱን ቴብል ብቻ አይቶ ነው።

ከራውተሩ ሲሆን ለምን ሠራ? ፓኬቱ የወጣው 10.0.0.1 የሚል የላኪ አድራሻ ይዞ ነው። ሁለተኛው ራውተር ደግሞ በ10.0.0.0/30 ላይ ራሱ በቀጥታ ስላለ መመለሻውን ያውቃል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ከራውተሩ ፒንግ አድርጎ «ጨርሻለሁ» ይላል። ሁለተኛው ራውተር ላይ «ወደ 192.168.1.0/24 በ10.0.0.1 በኩል» ብለሽ ጻፊ። ሁላችሁም፦ መሄጃውን ስትጽፉ መመለሻውን ጻፉ።

ጥያቄ፦ የኔም ፒንግ አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አድራሻ የለ፣ ማስክ የለ፣ ቴብል የለ። ከላይ ያለውን አንብብና እንደገና ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የትኛውን ሰርተፊኬት ብወስድ ይሻላል?

መልስ፦ እሱን አልመልስም። ራውቲንግ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ በሲስኮ ራውተር ላይ 10.0.0.0/8 በኦኤስፒኤፍ፣ 10.1.0.0/16 ደግሞ በሪፕ መጥቷል (ሁለቱም ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩባቸው ፕሮቶኮሎች ናቸው)። ወደ 10.1.2.5 የሚሄደው ፓኬት በየቱ ይወጣል? የኦኤስፒኤፍ ዲስታንስ (የመንገዱ ምንጭ የተአማኒነት ቁጥር፤ ትንሹ ይመረጣል) 110፣ የሪፕ 120 ስለሆነ ኦኤስፒኤፍ ነው ብዬ መልሼ ኤክስ ተደረገብኝ።

መልስ፦ ኤክሱ ተገቢ ነው፤ የሚወጣው በሪፕ ነው። ፓኬት ሲመጣ ራውተሩ የሚጠይቀው «ከአድራሻው ጋር በብዙ ቢት የሚገጥመው የቱ ነው?» ብሎ ነው። 16 ከ8 ይበልጣል፤ አለቀ። ዲስታንስ የሚታየው ከዚያ በፊት፣ ቴብሉ ሲሞላ ነው፤ ያውም ያው ኔትወርክ ከነማስኩ ከሁለት ቦታ ሲመጣ። /8 እና /16 ለራውተሩ የተለያዩ መስመሮች ስለሆኑ ሁለቱም ቴብሉ ውስጥ ይገባሉ። ዲፎልት ራውት፣ 0.0.0.0/0፣ መጨረሻ ላይ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የግጥሙ ርዝመት ዜሮ ነው። ይህ የገባው ሰው የኮርሱን ግማሽ ጨርሷል።

አንድ አባል፦ ሪፕን አሁንም ለምን ያስተምሩናል? ከ15 ሆፕ (ከራውተር ወደ ራውተር ዝላይ) በላይ የማይሄድ ነገር!

ሌላ አባል፦ ያ ገደብ ራሱ ትምህርት ነው እኮ። መስመር ሲቋረጥ ሁለት ራውተሮች አንዱ ከሌላው እየሰማ የሆፑን ቁጥር ሲያሳድጉት 16 ላይ ባይቆም ማለቂያ የለውም።

አንድ አባል፦ እሱን በአንድ ገጽ መናገር ይቻላል። የኔትወርክን ሥራ በደረጃ የሚከፍለው የኦኤስአይ ሰባት ሌየርም እንደዚያው ነው፤ በተግባር አራት ይበቃል።

ሌላ አባል፦ አራት ካልክ ስዊችና ራውተርን በምን ትለያቸዋለህ?

መልስ፦ የሌየሩን ክርክር እዚህ አቁሙት። ሪፕን ተማሩት፤ የጎረቤትን ወሬ አምኖ መንገድ መምረጥ የሚያመጣውን ችግር ያሳያል። ኦኤስፒኤፍ ላይ ግን ብዙ ቆዩ፤ እያንዳንዱ ራውተር የአካባቢውን ሙሉ ካርታ ይዞ አጭሩን መንገድ ራሱ ያሰላል።

ጥያቄ፦ ማክ አድራሻ (የመሣሪያው የኔትወርክ ካርድ ቁጥር) እያለ አይፒ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ማክ የሚያገለግለው እስከሚቀጥለው መሣሪያ ድረስ ነው። በየራውተሩ የላኪውም የተቀባዩም ማክ ይቀየራል፣ ቲቲኤሉም (ፓኬቱ ስንት ራውተር ማለፍ እንደሚችል የሚገድበው ቁጥር) በአንድ ይቀንሳል። አይፒው ናት (አድራሻ የሚቀይረው አሠራር) ካልነካው በቀር እስከ መጨረሻው ያው ነው።

ጥያቄ፦ ዋይፋዬ ዝግ ይላል።

መልስ፦ ራውቲንግ አይደለም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስለ ሁለቱ ራውተሮች የጠየቅኩት እኔ ነኝ። መመለሻውን ጻፍኩ፣ ሠራ! ግን ከአራቱ ፒንግ የመጀመሪያው ጠፋ። ሌላ ስህተት ይኖርብኝ ይሆን?

መልስ፦ የለብሽም። የሚቀጥለውን መሣሪያ ማክ በአርፕ (አይፒውን ይዞ ማኩን በሚጠይቀው ፕሮቶኮል) እስኪያገኝ ድረስ የመጀመሪያው ይጠፋል፤ ደግመሽ ብትልኪ አራቱም ይመለሳሉ። አሁን በራውተሮቹ መካከል ያለውን ገመድ ንቀይና ቴብሉን እይው። 10.0.0.0/30 ብቻ ሳይሆን የጻፍሽው ስታቲክ ራውትም አብሮ ይጠፋል። ለምን እንደሆነ አስቢበትና ጻፊልኝ።