በታቦት ፊት ምሎ ነበር፤ አሁንስ?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በስካር በፈጸመው ስርቆት ታስሮ ከወጣ 3 ወሩ ነው። ጠበል ተጠመቀ፤ ዳግመኛ ላይጠጣም በታቦት ፊት ማለ። ባለፈው ቅዳሜ ግን አራት ኪሎ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ጠጥቶ ገባ። እናታችን «ታቦት ከድቷል፣ ከቤቴ ይውጣ» ትላለች። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እናትሽ ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም፤ ነገር ግን አታስወጡት። ዛሬ ማደሪያ የሚሰጡት እነዚያው የቅዳሜ ጓደኞቹ ናቸው። ደግማችሁም አታስምሉት፤ ጌታ «ከቶ አትማሉ» ብሏል (ማቴ. 5፥34)። ብዙ ቤተሰብ መሐላን እንደ መድኃኒት ይቆጥረዋል። የማለ ሰው ግን አንዴ ከቀመሰ «አፍርሼዋለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ» ይላል፤ የአንድ ምሽት ውድቀት የወር ስካር፣ ስካሩም ስርቆት የሚሆነው በዚህ ተስፋ መቁረጥ ነው። «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና፥ ይነሣማል» (ምሳ. 24፥16)። ሳይውል ሳያድር ንስሐ አባቱ ዘንድ ይሂድ። ቀኖናውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ እናንተ በስድብ አትጨምሩበት።

ርኩሱ መንፈስ ተመልሶ የገባው ቤቱን ተጠርጎ ግን ባዶ ሆኖ ስላገኘው ነው (ማቴ. 12፥44)። ጠበሉ ጠርጓል፤ ባዶ የቀረው ሰዓቱ ነው፣ ይልቁንም ከሰዓት በኋላው። ጫት ይቅማል? ይህን ሳትጠይቁ መጠጡን ብቻ አታሳድዱ። ከሰዓት የቃመ ሰው ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ያምረዋል። ስለዚህ ሁለቱም አብረው ይቁሙ፤ ቅዳሜን በሥራ፣ ማታውን በሠርክ ጉባኤ ያሳልፍ። የቀን ሥራም ቢሆን አይናቅ፤ ሐዋርያው የሰረቀውን «አይስረቅ» ብሎ ብቻ አልተወውም፣ በገዛ እጁ ይድከም አለው (ኤፌ. 4፥28)። የትራንስፖርቱን ይዞ ቀሪውን ገንዘብ ለሚያምነው ሰው ያስቀምጥ፤ በፈቃዱ እንጂ በግድ አይሁን፣ ከተነጠቀ መደበቅ ይጀምራል።

በዓል ሲመጣ ደግሞ የሚጥለው ጠላት ሳይሆን «ለበረከት ቅመስ» የሚል ዘመድ ነው። እስኪበረታ ቤታችሁ ጠላ አይጠመቅ፤ የማኅበሩ ተራ ቢደርሳችሁ በዕለቱ በተበጠበጠ ብርዝ ዘክሩ።

በየቀኑ መጠጣት ጀምሮ ከሆነ ግን በድንገት አታስቁሙት። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፤ ሰውነቱን ጥሎት ሊንፈራገጥ፣ የሌለ ነገርም ሊታየው ይችላል። ይህን «ጋኔኑ ጮኸ» ብለው ሐኪም የሚያዘገዩ አሉ፤ ሰው ይሞታል! ቶሎ አማኑኤል ሆስፒታል ውሰዱት። መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው (ሲራክ 38፥4)፤ እየተጠመቀም ኪኒኑን ይዋጥ።